ጌም የምትጫወቱበትን ኮምፒውተር ከመሸጣችሁ በፊት ይህችን አንብቡ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ሻይም ቡናም ያዙና ተቀመጡ።

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ሆነዋል። «ቲቸር፣ ዊንዶውስ 10 ቆመ እያሉ ነው፤ ኮምፒውተሬ ደግሞ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ልሽጠው ወይስ ምን ላድርገው?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ድሮ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የቢሮ አይደለም፣ ጌም መጫወቻ ነው። አንዱ ስንት ወር ቆጥቦ የገዛው ነው፣ ሌላው ውጭ ያለች አክስቱ የላከችለት።

እኔ የሃይስኩል የአይሲቲ መምህር ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፣ ኢንጂነር ነኝ አልልም። ግን የራሴን ጌም ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ከቀየርኩ ዓመት አልፎኛል፤ ስለዚህ በእጄ ሞክሬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። አትሽጡት፣ ወደ ሊኑክስ ቀይሩት። ምክንያቴ ግን ዩቲዩብ ላይ የምትሰሙት «ነፃ ስለሆነ» የሚለው አይደለም። እሱ ለእኛ አገር ሰው ምክንያት አይሆንም። ደግሞ ለሁላችሁም ይሆናል አልልም። የማይሆንላችሁ አላችሁ፣ እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የሆነውን ነገር እናጥራ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። «ቆመ» ሲባል ኮምፒውተሩ አይነሳም ማለት አይደለም። ይነሳል፣ ጌሙም ይከፈታል። የቆመው የደህንነት ማሻሻያው ነው። ነገ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍንለት የለም። በእርግጥ ለሚመዘገብ ሰው አንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል፤ እሱም ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ላይ ያበቃል።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ መስፈርት አለው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው። አሁን ብዙዎቻችሁ ያላችሁን ኮምፒውተር አስቡት፤ ኮር አይ 5፣ 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን፣ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ። ይህ ማሽን «ዊቸር 3»ን ያለ ችግር ያጫውታል። አቅም አላጣም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙ ስለሌለ ብቻ ጡረታ ውጣ ተብሏል።

ታዲያ ምን ምርጫ አለ? አንደኛው በዊንዶውስ 10 ዝም ብሎ መቀጠል ነው። ሁለተኛው ዊንዶውስ 11ን መስፈርቱን አልፎ በግድ መጫን። ይቻላል፣ ግን ማይክሮሶፍት ኃላፊነት አልወስድም ብሏል። ሦስተኛው ሸጦ አዲስ መግዛት ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ አሮጌውን የምትሸጡበትና አዲሱን የምትገዙበት ዋጋ አይገናኝም። አራተኛው ሊኑክስ ነው።

«ዊንዶውስ እኮ በነፃ ነው!»

ይህን የሚለኝ ብዙ ነው፤ እውነቱንም ነው። ፈረንጆቹ ሊኑክስን ሲያወድሱ መጀመሪያ የሚያነሱት የዊንዶውስን ዋጋ ነው። እኛ ጋ ማን ከፍሎ ያውቃል? ሱቅ ወስደን ፎርማት እናስደርጋለን፣ ለልጁ የእጁን እንከፍላለን፣ ዊንዶውሱም ኦፊሱም ክራክ ሆኖ ይሰጠናል። በዚህ ሒሳብ ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ሊኑክስ ምንም ብልጫ የለውም።

ግን አክቲቬተር ሲጫን ቆማችሁ ያያችሁ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ነው። ሁለተኛው «በአድሚኒስትሬተር ክፈተው» ነው። ማን እንደሠራው የማናውቀውን ፕሮግራም፣ ውሻውን አስረን፣ በሩን ከፍተን፣ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» እንለዋለን። ከዚያ እዚያው ላይ ኢሜይላችንን፣ ቴሌግራማችንን፣ የባንክ ሒሳባችንን እንከፍታለን። ፍላሻችን በየደረሰበት ቫይረስ ሲያዛምት «የዚህ አገር ፍላሽ» እያልን እንስቃለን። ክፍል ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ሥነ ምግባርና ስለ ቅጂ መብት አስተምሬ ስወጣ፣ ተማሪው በሕይወቱ ያየው ዊንዶውስ በሙሉ ክራክ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? እኛ ደግሞ ለብሰነው አድገናል።

ሊኑክስ ላይ ነፃ ማለት ሌላ ነው። ተፈቅዶልሃል ማለት ነው። ትጭናለህ፣ ለጓደኛህ ትሰጣለህ፣ ትቀይረዋለህ፣ ማንንም አትፈራም፣ ማንንም አትሰርቅም።

ነገሩ ከየት መጣ ለምትሉ፦ 1983 ዓ.ም. ክረምት፣ እኛ ጋ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው፣ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት እየሠራ ስላለው ትንሽ ሲስተም በኢንተርኔት ለሌሎች አሳወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር አወጣው። ፈቃዱ ባጭሩ «ውሰድ፣ ቀይር፣ አከፋፍል፤ የቀየርከውን ስታከፋፍል ግን ኮዱንም አብረህ ስጥ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ደቦ ሆነ። ደቦ ደግሞ ጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚመጣው ለራሱም ማሳ ተራው እንደሚደርሰው ስለሚያውቅ ነው። ኢንቴልም፣ ኤኤምዲም፣ ጎግልም፣ ማይክሮሶፍት ራሱም ኮድ የሚያዋጡት ስለሚጠቀሙበት ነው። «እኔ ሊኑክስ አላውቅም» የምትሉም አንድሮይድ ስልክ ከያዛችሁ እምብርቱ ሊኑክስ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ምናልባት በእሱ ላይ እያነበባችሁት ነው።

እሺ፣ ጌሙስ?

ድሮ መልሱ «ተወው» ነበር። አሁን ተቀይሯል፤ የቀየረው ፕሮቶን የሚባል ነገር ነው። ስቲምን የሚያስተዳድረው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣው፣ ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ በነበረው ዋይን በሚባል ፕሮጀክት ላይ ተመሥርቶ። አሠራሩን ለተማሪ ስገልጽ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ እለዋለሁ። ጌሙ የሚናገረው ዳይሬክትኤክስ የሚባለውን የዊንዶውስ ቋንቋ ነው። ሊኑክስ የሚሰማው ቩልካን የሚባለውን ነው። አስተርጓሚው መሐል ቆሞ አንዱን ወደ ሌላው ያደርሳል። ጌሙ ዊንዶውስ ላይ ያለ ይመስለዋል። ቫልቭ ስቲም ዴክ የምትባለውን በእጅ የምትያዝ መጫወቻ በ2022 ለገበያ ሲያቀርብ ውስጧ ሊኑክስ ነው ያስገባው። ስለዚህ ፕሮቶን ካልሠራ ዕቃው አይሸጥለትም። እኔ ጥቅም ያለበትን ደቦ የበለጠ አምናለሁ።

በራሴ ማሽን ላይ «ዊቸር 3»፣ «ስካይሪም»፣ «ኤልደን ሪንግ» እና የ«ጂቲኤ 5» ታሪኩ ይሠራሉ። «ካውንተር ስትራይክ 2» እና «ዶታ 2» ደግሞ አስተርጓሚም አያስፈልጋቸው፤ ለሊኑክስ በቀጥታ ተሠርተዋል። ፍጥነቱ ብዙ ጌሞች ላይ ተቀራራቢ ነው። ኤንቪዲያ ካርድ ካላችሁና ጌሙ ዳይሬክትኤክስ 12 ከሆነ ግን ቀነስ ይላል፣ ይህን እወቁ። ካርዱ በጣም ያረጀና ቩልካንን በደንብ የማይደግፍ ከሆነ ደግሞ ፕሮቶን አይረዳችሁም። ከመቀየራችሁ በፊት ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ገጽ ላይ የጌማችሁን ስም ፈልጉ። ተጫዋቾች ራሳቸው «እኔ ጋ እንዲህ ሆነ» ብለው የጻፉበት ነው።

አሁን የማይሠራውን ልናገር

ኦንላይን የምትጫወቱ፣ እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። «ቫሎራንት»፣ «ፎርትናይት»፣ «ፐብጂ» የኮምፒውተሩ፣ አዲሶቹ «ኮል ኦፍ ዲዩቲ»ዎች፣ የ«ጂቲኤ» ኦንላይኑ፣ አዲሶቹ የኢኤ «ኤፍሲ» ጌሞች ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ፕሮቶን ስላልቻለ አይደለም። አንቲቺት የሚባለው የሌባ ጠባቂ ፕሮግራም የዊንዶውስ ውስጠኛ ክፍል ድረስ ገብቶ መፈተሽ ስለሚፈልግ ወይም ኩባንያው ለሊኑክስ አልፈቅድም ስላለ ነው። «ኤፔክስ ሌጀንድስ» እንዲያውም ይሠራ ነበር፤ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ኩባንያው ሊኑክስን ዘጋው። ዛሬ የሚሠራ ኦንላይን ጌም ነገም ይሠራል ብዬ አልምልላችሁም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሌይስቴሽን ቤት ኳስ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ዋናው ጌሙ «ኤፍሲ» ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ያሉት እዚያ ነው። ለእሱ «ተወውና ሌላ ተጫወት» ማለት «ጓደኞችህን ቀይር» እንደማለት ነው። እንዲህ የሆናችሁ ዊንዶውሱን አታጥፉት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ፣ ወይም በዊንዶውሳችሁ ቆዩ። ለመቀየር ብሎ መቀየር ፋይዳ የለውም።

ሁለተኛው ችግር የእኛው ነው። ስቲም ላይ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ከተማሪ ኪስ የሚገኝ አይደለም። ጌሙ የሚመጣው ከሱቅ በሃርድ ዲስክ ተቀድቶ ነው። በዚህ ልፈርድባችሁ አይደለም የመጣሁት። ግን ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ የሚገኙ አሉ፦ «ዶታ 2»፣ «ካውንተር ስትራይክ 2»፣ ከነኮዳቸው ነፃ የሆኑት «ዜሮ ኤዲ» እና «ሱፐር ተክስ ካርት»። ዳታውስ? አንዳንዱ ጌም በአሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ስቲም ከ2023 ጀምሮ በአንድ ዋይፋይ ወይም ኬብል ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ጌሙን መቅዳት ይፈቅዳል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይቀዳሉ፣ ዳታ የሚያልቀው የአንዱ ብቻ ነው። ለዳታ ዕቁብ ግቡ ነው የምላችሁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለ ለምን ቀይሩ አልኩ?

እንደ መምህር የሚያሳስበኝ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አንድ 10ኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ይህን እያነበበ ነው። ሊኑክስ ጭኖ የሚወደውን ጌም ሲከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ ሱቅ ወስዶ ፎርማት ያስደርግ ነበር፤ ሁላችንም የተማርነው መፍትሔ ያ ነው። እዚህ ግን የሚወስድበት ሱቅ የለም። ስለዚህ ስህተቱን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበበ። በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል፣ መዝገበ ቃላት ይዞ። የቩልካን ድራይቨር እንደጎደለው አወቀ። ካርዱ የትኛውን ድራይቨር እንደሚፈልግ ፈለገ። ሦስት ማታ ፈጀበት። በአራተኛው ጌሙ ተከፈተ። አሁን እሱ የሚጠይቀኝን ጥያቄ እኔ መመለስ አቅቶኛል። መምህር የሆናችሁ ይህ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ያን ልጅ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትርጉም በቦርድ ላይ አስጽፌዋለሁ። ፈተና ላይ መልሶ ጽፎልኛል፣ ማርክም ሰጥቼዋለሁ። ያወቀው ግን ያኔ አይደለም፣ ጌሙ እንቢ ሲለው ነው። ዊንዶውስ መጥፎ ስለሆነ አይደለም ይህን የምለው። ዊንዶውስ ውስጡ የተሸፈነ ነው፣ ሊኑክስ ክፍት ነው። የተከራየ ሰው ቧንቧ ሲፈነዳ አከራዩን ይጠራል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ግን ቆጣሪው የት እንዳለ፣ ውሃው በየት እንደሚዘጋ ሳይወድ በግድ ይማራል። ያን የሚያህል ትዕግሥት ደግሞ ተማሪዎቼ ለፊዚክስ አይሰጡኝም። ለጌም ግን ይሰጣሉ። በዚያ ብንጠቀም ምን አለበት?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ብዙዎቻችሁ ገብታችሁ ሰርተፊኬት ወስዳችኋል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን የምትጽፉት ኮድ ነገ የሚቀመጥበት ሰርቨር በአብዛኛው ሊኑክስ ነው። የዓለማችን 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አንድም ሳይቀር በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። ሰርተፊኬቱን ይዞ ሊኑክስን አንድ ቀን ነክቶ የማያውቅ ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ ይዞ መኪና ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ሰው ይሆንብኛል።

ሌላም አለ። በየትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ላብ የማያቸው ኮምፒውተሮች 4ኛ ጄኔሬሽን፣ 6ኛ ጄኔሬሽን ናቸው። እነሱም ዊንዶውስ 11 አይቀበሉም። አንድ ቀን «ጊዜያቸው አልፏል» ተብለው ስቶር ገብተው አቧራ እንዳይጠጡ እፈራለሁ። ሊኑክስ ሚንት በትንሹ 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ 4 ቢሆን ይመረጣል። እነዚያ ማሽኖች ገና ብዙ ተማሪ ያስተምራሉ። ግን ማን ይጭናቸዋል? ማን ይጠግናቸዋል? በጀት የለንም፣ ባለሙያ የለንም። የራሱን ጌም ኮምፒውተር ሦስት ማታ ታግሎ ያስነሳ ልጅ ግን አለን። ወላጆች፣ «ልጄ ጌም ላይ ተጥዶ ይውላል» የምትሉኝ፣ እስቲ «ምን ተጫወትክ?» ብቻ ሳይሆን «ምን አስተካከልክ?» ብላችሁም ጠይቁት።

«ሥራ ቦታ ግን ዊንዶውስ ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል፤ ልክ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ፒችትሪ ይፈልጋል፣ የሥዕል ሰው አውቶካድና ፎቶሾፕ ይፈልጋል፣ ፈተና በፓወር ግዕዝ የሚጽፍ መምህርም አለ። እነዚህ ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። እንጀራችሁ በእነሱ ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ይኑራችሁ። ሊኑክስ ላይ በአማርኛ መጻፍ ግን ችግር የለውም፤ የአማርኛ ኪቦርዱን ከሴቲንግ ጨምራችሁ እንደ ስልካችሁ ትጽፋላችሁ። ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት በእሱ ነው።

ለመሞከር ለቆረጣችሁ ጥቂት ምክር፦

1. ፋይላችሁን መጀመሪያ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ቅዱ። ይህን ሳታደርጉ ምንም አትንኩ።

2. 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ሚንትን አስገቡና ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሱት። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ መሥራቱን እዩ። ካልሠራ ፍላሹን ንቀሉ፤ ምንም የነካችሁት ነገር የለም።

3. ሁለተኛ ኤስኤስዲ ማግኘት ከቻላችሁ ሊኑክሱን እዚያ ጫኑ። ዊንዶውሱ ሳይነካ ይቆያል።

4. ስቲም ላይ ያሉ ጌሞችን የዊንዶውስ ፓርቲሽን ላይ እንዳሉ በፕሮቶን ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ችግር ያመጣል። ወደ ሊኑክሱ ፓርቲሽን አዛውሯቸው።

5. ፈተና ሳምንት ላይ አትጀምሩ። 12ኛ ክፍል የሆናችሁ በተለይ! መልቀቂያውን ከተፈተናችሁ በኋላ ክረምቱ የእናንተ ነው።

6. አንድ ወር ስጡት። ሁለት ቀን ሞክሮ «አይረባም» ማለት ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት ነው።

ስቲም በየወሩ በሚያወጣው መረጃ ሊኑክስ የሚጠቀም ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ እንኳ ከመቶ 3 ገደማ ነው። ጥቂት ነን። ገና ብዙ ዘመን ጥቂት እንሆን ይሆናል። እኔ ግን ብዛታችን አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር፣ በውድ ዋጋ ወደ አገር የገባ ዕቃ፣ አንድ ኩባንያ ዝርዝር ስላወጣ ብቻ ሲጣል ማየት ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ማሽኑ እንቢ ሲለው «ይህ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ሱቅ ልውሰደው» ብሎ የሚያድግ ልጅ ነው።

የኮምፒውተራችሁን ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ፣ ከሁሉም የምትወዱትን ጌም ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ይሠራል አይሠራም የሚለውን የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን ያ ተማሪዬ ይመልሳል። ሚንቱን ያወረድኩት ስለሆነ እዚሁ ከተማ ያላችሁ ዳታ አታባክኑ፤ ፍላሽ ይዛችሁ ኑና ቅዱ። የምትቃወሙኝም ጻፉ፣ በተለይ «ኤፍሲ» ተጫዋቾች። ስድብ ብቻ ይቅር።

መልካም ሳምንት!